ክላሳችሁን ለውርስ ዝጉት፦ ከውሳኔው እስከ አፈጻጸሙ

አንድን ክላስ ማንም እንዳይወርሰው ካልከለከላችሁ፣ እንዲወርሰው ፈቅዳችኋል። በጃቫ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ በሲ ሻርፕ፣ በፒኤችፒና በፓይተን ይህ ፈቃድ ሳትጠየቁ የሚሰጥ ነው፤ ዝምታችሁ እንደ እሺታ ይቆጠራል። ምክሬም ከዚህ ይነሳል፦ ክላሶቻችሁን ዘግታችሁ ጀምሩ፣ በቂ ምክንያት ሲመጣ ክፈቱ። የተዘጋን ክላስ ነገ መክፈት ማንንም አይጎዳም። ክፍት የነበረውን መዝጋት ግን በላዩ የሠሩትን ሁሉ ሥራ ያቆማል።

ዋና ምሳሌዎቼን ከጃቫ እወስዳለሁ፤ የሌሎቹን ቋንቋዎች አጻጻፍ ቆይቼ አመጣለሁ። ቁልፍ ቃላቱን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮድ ውስጥ ስታስገቧቸው በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክፍት ክላስ የሚያመጣው ጣጣ

አንድ የደመወዝ ፕሮግራም ውስጥ «ደመወዝ ከፋይ» የሚባል ክላስ አለ እንበል። ሁለት ሜተዶች አሉት። «ክፈል» ለአንድ ሠራተኛ ገንዘብ ይልካል። «ለሁሉም ክፈል» ዝርዝር ተቀብሎ ዝርዝሩ ላይ ላሉት ሁሉ ይልካል። ሌላ ቡድን ደግሞ ባንኩ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ የአገልግሎት ዋጋ ስለሚያስከፍል፣ ስንት ክፍያ እንደተላከ መቁጠር ይፈልጋል። ክላሱን ይወርሱና ሁለቱንም ሜተዶች በራሳቸው ይተካሉ፦ «ክፈል» ሲጠራ ቆጣሪው ላይ 1 ይደመራል፣ «ለሁሉም ክፈል» ሲጠራ የዝርዝሩ ብዛት ይደመራል፤ ከዚያ ሥራው ለወላጁ ክላስ ይተላለፋል።

ለ40 ሠራተኞች ከፍለው ቆጣሪውን ሲያዩት 80 ይላል። የወላጁ «ለሁሉም ክፈል» ውስጥ ውስጡን «ክፈል»ን 40 ጊዜ ይጠራ ኖሯል፤ ያ ጥሪ ደግሞ ተመልሶ ወደ ወራሹ «ክፈል» ስለሚመጣ ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ቡድኑ ምክንያቱን ያገኘዋል፤ የ«ለሁሉም ክፈል»ን ተኪ ይሰርዛል፤ ቆጣሪው 40 ማለት ይጀምራል። ችግሩ የተፈታ ይመስላል።

ከወራት በኋላ የወላጁ ክላስ ጸሐፊ ሥራውን ለማፍጠን «ለሁሉም ክፈል» ዝርዝሩን በአንድ ጥቅል በቀጥታ ወደ ባንኩ እንዲልክ ያደርገዋል። የሜተዶቹ ስም አልተለወጠም፣ የሚቀበሉትና የሚመልሱት አልተለወጠም፣ የእሱ ፈተናዎች በሙሉ አልፈዋል። የወራሹ ቆጣሪ ግን 0 ላይ ይቆማል። ኮምፓይለሩ አያስጠነቅቅም፣ ፕሮግራሙም አይቆምም፤ የአገልግሎት ዋጋው ብቻ በዝምታ መቆጠሩን ያቆማል። ጸሐፊው ጥፋት ሠርቷል ልትሉት አትችሉም፤ ያሻሻለው የራሱን ክላስ የውስጥ አሠራር ነው። ጎረቤት ቤቱን በግድግዳችሁ ላይ አስደግፎ ከሠራ በኋላ ግን ግድግዳውን ማንሳት የእናንተ ብቻ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

የሙያው ሰዎች ይህንን የተሰባሪ ወላጅ ክላስ ችግር ይሉታል። ጆሹዋ ብሎክ «ኢፌክቲቭ ጃቫ» በተሰኘው፣ መጀመሪያ በ2001 በታተመው መጽሐፉ ይህንኑ በጃቫ የስብስብ ክላሶች ላይ አሳይቶ፣ ክላስን ወይ ለውርስ አስባችሁና ጽፋችሁ አዘጋጁት፣ ካልሆነ ከልክሉት የሚል አቋም ወስዷል። ሦስተኛ መንገድ አላስቀመጠም፤ እኔም የለም ብዬ አምናለሁ።

የጃቫ የራሱ ላይብረሪ የዚህ ምስክር ነው። «ስታክ» የተባለው ክላስ «ቬክተር»ን በመውረሱ፣ ከላይ ብቻ መጨመርና ከላይ ብቻ ማንሳት የሚገባው መዋቅር መሃሉ ላይ እንኳ እንዲገባበት ይፈቅዳል። «ታይምስታምፕ» የተባለው ደግሞ «ዴት»ን በመውረሱ፣ ዴቱን ከታይምስታምፑ ጋር እኩል ነህ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁት አዎ ሊል ይችላል፤ ጥያቄውን ገልብጣችሁ ለታይምስታምፑ ስታቀርቡት አይደለሁም ይላል። የላይብረሪው ሰነድ ራሱ ስለዚህ ያስጠነቅቃል። ሁለቱም እስከ ዛሬ ሊታረሙ አልቻሉም፣ ቢታረሙ ስንት ፕሮግራም እንደሚሰበር ስለሚታወቅ።

መጀመሪያ፦ ይዘጋ ወይስ ይከፈት?

እጃችሁ ላይ ያለውን ክላስ ወስዳችሁ ይህን ጠይቁ፦ ወራሽ የሚሆነውን ክላስ ዛሬ በስም መጥራት እችላለሁ? «ምናልባት አንድ ቀን» መልስ አይደለም። በስም መጥራት ካልቻላችሁ ዝጉት።

ሦስት ዓይነት ክላሶች ላይ ግን ማመንታትም አያስፈልግም። የመጀመሪያው ዋጋ የሚይዝ ክላስ ነው፤ ገንዘብ፣ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ መለያ ቁጥር። ሁለተኛው ፈቃድና ማንነት የሚያጣራ ክላስ ነው። የጃቫ «ስትሪንግ» የተዘጋበትን አንድ ምክንያት አስቡት፦ ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም መርምሮ ይፈቅዳል፣ ከዚያ ፋይሉን ይከፍታል። «ስትሪንግ» የሚወረስ ቢሆን ኖሮ፣ ሲመረመር አንድ ስም፣ ሲከፈት ሌላ ስም የሚመልስ ወራሽ መጻፍ ይቻል ነበር። «ቢግ ኢንቲጀር» እና «ቢግ ዴሲማል» የተባሉት የትልልቅ ቁጥሮች ክላሶች ሲሠሩ ሳይዘጉ ቀርተዋል። ስለዚህ እነሱን ከማይታመን ወገን የሚቀበል ኮድ ዛሬም ድረስ የመጣው ኦብጀክት እውነተኛው ክላስ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ካልሆነም ገልብጦ መያዝ አለበት። ሦስተኛው የመሣሪያ ማጠራቀሚያ ክላስ ነው፤ ስታቲክ ሜተዶች ብቻ ያሉት፣ ኦብጀክት የማይፈጠርበት።

ዝግ መሆን የማይገባቸውም አሉ። የራሳችሁ የስህተት ክላሶች ተዋረድ ይፈልጋሉ፤ ጠቅላላውን ስህተት በአንድ ቦታ የሚይዝ ኮድ ዝርዝሮቹን ሁሉ እንዲያገኝ። ፍሬምወርኮች ደግሞ የራሳቸው ጥያቄ አላቸው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር በምክንያትነት አታንሱ፤ ፍጥነትን። የጃቫ ማሽን እስካሁን የተጫኑትን ክላሶች ስለሚያውቅ፣ ወራሽ የሌለውን ክላስ ቃሉን ባትጽፉም እንደተዘጋ ቆጥሮ ያፈጥነዋል። የምትዘጉት ለትክክለኛነት ነው።

ቀጥሎ፦ መዝጊያውን ጻፉ

ቀላሉ መንገድ «ክላስ» ከሚለው ቃል በፊት «ፋይናል» ማስቀመጥ ነው፦ «ፐብሊክ ፋይናል ክላስ ገንዘብ»። ከዚያ በኋላ ይህን ክላስ ለመውረስ የሚሞክር ኮድ ኮምፓይል አይሆንም። ሥራው ይኸው ነው፤ አንድ ቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ክላሱን መዝጋት ይዘቱ እንዳይለወጥ አያደርግም። «ገንዘብ» የተባለው ክላስ ተዘግቶም ቢሆን፣ የብሩን መጠን የሚቀይር ሜተድ ካለው ማንም ይቀይረዋል። ይዘቱም እንዳይለወጥ የምትፈልጉ ከሆነ መስኮቹን ሁሉ «ፕራይቬት ፋይናል» አድርጉ፣ መቀየሪያ ሜተድ አትጻፉ፣ ዝርዝር ወይም አሬይ ስትቀበሉም ስትሰጡም ግልባጩን እንጂ ዋናውን አታሳልፉ። ከጃቫ 16 ጀምሮ «ሬከርድ» ይህን አብዛኛውን ሥራ ያቀልላችኋል፦ በተፈጥሮው ዝግ ነው፣ መስኮቹም አንዴ ከተሞሉ አይተኩም። ውስጡ የተቀመጠ ዝርዝር ካለ ግን የመገልበጡ ሥራ አሁንም የእናንተ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኮንስትራክተሩን «ፕራይቬት» ማድረግ ነው። ወራሽ ሁሉ የወላጁን ኮንስትራክተር የግድ ስለሚጠራ፣ መጥራት የሚችለው ከሌለ መውረስ አይችልም። ከውጭ ኦብጀክት እንዲፈጠር ስታቲክ ሜተድ ትሰጣላችሁ፤ ለምሳሌ «ገንዘብ ነጥብ ከሳንቲም» ተብሎ የሚጠራ። ይህ መንገድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ዋጋው ትክክል መሆኑን አንድ በር ላይ ታጣራላችሁ፣ ተደጋጋሚ ዋጋዎችንም ደግማችሁ ሳትፈጥሩ መመለስ ትችላላችሁ። ሆኖም በዚያው ክላስ ውስጥ የተጻፈ የውስጥ ክላስ ኮንስትራክተሩን ስለሚያየው ሊወርስ ይችላል። ደግሞም ኮዱን የሚያነብ ሰው ሐሳባችሁን ወዲያው አያይም። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ። የጃቫ «ማዝ» ክላስም እንዲሁ ነው፤ «ፋይናል» ነው፣ ኮንስትራክተሩም «ፕራይቬት» ነው።

ክላሱ ክፍት ሆኖ አንዳንድ ሜተዱ ብቻ እንዲዘጋ ከፈለጋችሁ «ፋይናል»ን ሜተዱ ላይ አድርጉት። ይህ የሚጠቅመው የሥራው ቅደም ተከተል እንዳይነካ፣ ከቅደም ተከተሉ አንዱ እርምጃ ብቻ እንዲለያይ ስትፈልጉ ነው፦ መጀመሪያ አጣራ፣ ቀጥሎ ክፈል፣ በመጨረሻ መዝግብ የሚለው ዋና ሜተድ ይዘጋል፤ «ክፈል» ብቻ ለወራሹ ይተዋል። ክላሱን ክፍት ከተዋችሁት ግን ኮንስትራክተራችሁ ሊተካ የሚችል ሜተድ እንዳይጠራ ተጠንቀቁ። የወላጁ ኮንስትራክተር የሚሮጠው ከወራሹ በፊት ነው፤ ስለዚህ የወራሹ ሜተድ ገና ባልተሞሉ መስኮች ላይ ይሠራል፣ ባዶና ዜሮ ያገኛል። እንዲህ ያለውን ስህተት ማደን አድካሚ ነው።

ለተወሰኑ ወራሾች ብቻ መፍቀድ

ሙሉ በሙሉ መዝጋትም ሙሉ በሙሉ መክፈትም የማይመጥንበት ጊዜ አለ፤ ወራሾቹ ታውቀው ያለቁ ሲሆኑ። በመስከረም 2021 የወጣው ጃቫ 17 ለዚህ «ሲልድ» የሚለውን ቃል በይፋ አጸደቀ። እኔ ከቅርብ ዓመታት የጃቫ ለውጦች ሁሉ ለዚህ ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ።

ክፍያን ውሰዱ። በፕሮግራማችሁ ክፍያ የሚፈጸመው በጥሬ ገንዘብ፣ በባንክ ዝውውር ወይም በሞባይል ነው፤ አራተኛ የለም። «ክፍያ» የሚለውን ኢንተርፌስ ወይም ክላስ «ሲልድ» ብላችሁ ትጀምራላችሁ፤ ከስሙ ቀጥሎ «ፐርሚትስ» ብላችሁ የሦስቱን ስም ትዘረዝራላችሁ። ሦስቱም በአንድ ፋይል ውስጥ ከተጻፉ ዝርዝሩ ሊቀር ይችላል። ወራሾቹ ከወላጁ ጋር በአንድ ሞጁል ውስጥ መሆን አለባቸው፤ ሞጁል የማትጠቀሙ ከሆነ በአንድ ፓኬጅ። እያንዳንዱ ወራሽ ክላስም የራሱን አቋም መናገር ግዴታው ነው፦ «ፋይናል» ብሎ ይዘጋል፣ «ሲልድ» ብሎ የራሱን ወራሾች ይዘረዝራል፣ ወይም «ነን ሲልድ» ብሎ ይከፍታል። ዝም ማለት አይፈቀድም። ወራሾቹን «ሬከርድ» ካደረጋችኋቸው ዝግ ስለሆኑ ሌላ ቃል አያስፈልጋቸውም።

ትልቁ ጥቅም የሚታየው በ2023 ከወጣው ጃቫ 21 ጋር ነው። «ስዊች» ውስጥ በክፍያው ዓይነት ስትከፋፍሉ ኮምፓይለሩ ሦስቱንም መሸፈናችሁን ያጣራል። ነገ አራተኛ የክፍያ ዓይነት ስትጨምሩ፣ ያልተሸፈነባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ስህተት ብሎ ያሳያችኋል። ይህን ጥበቃ የሚያሳጣችሁ «ዲፎልት» የሚለው ቅርንጫፍ ነው። ለጥንቃቄ ብላችሁ ካስገባችሁት አዲሱ ዓይነት በዝምታ እዚያ ይወድቃል፤ ስለዚህ አታስገቡት።

በሌሎች ቋንቋዎች

በሲ ሻርፕ ቃሉ «ሲልድ» ነው፤ ትርጉሙ ግን ከጃቫው ይለያል፤ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ሜተዶቹ «ቨርችዋል» ካልተባሉ በስተቀር ስለማይተኩ ግማሹ ሥራ አስቀድሞ ተሠርቷል። «ሬከርድ ክላስ» ግን በጃቫ እንደለመዳችሁት ዝግ አይደለም፤ «ሲልድ» ጨምሩበት። በሲ ፕላስ ፕላስ «ፋይናል» በ2011 ደረጃ ገብቷል፤ የሚጻፈው ከክላሱ ስም በኋላ ነው። እዚያ አደጋው ይብሳል፦ ቨርችዋል ዲስትራክተር የሌለውን ክላስ ወርሳችሁ፣ ወራሹን በወላጁ ፖይንተር በኩል ከሰረዛችሁት የሚሆነው ነገር በቋንቋው ሕግ አይታወቅም።

ኮትሊን ነገሩን ገልብጦታል፤ ክላስ ሁሉ ዝግ ነው፣ እንዲወረስ የምትፈልጉትን «ኦፐን» ትሉታላችሁ። ትክክለኛው አቅጣጫ ይህ ይመስለኛል። አንድ ነገር አስታውሱ፦ ክፍት ክላስ ውስጥ «ኦቨራይድ» የተባለ ሜተድ በራሱ ክፍት ሆኖ ይቀጥላል፤ እንዲቆም ከፈለጋችሁ «ፋይናል ኦቨራይድ» በሉ። ስዊፍት ከሥሪት 3 ጀምሮ «ፐብሊክ»ን እና «ኦፐን»ን ለይቷል፤ ከሞጁሉ ውጭ የሚወረሰው «ኦፐን» ብቻ ነው። ፒኤችፒ ከሥሪት 5 ጀምሮ «ፋይናል» አለው። ፍላተር የምትጠቀሙ ደግሞ በ2023 የወጣው ዳርት 3 «ፋይናል»ንና «ሲልድ»ን ሁለቱንም ሰጥቷችኋል።

ፓይተን ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሥሪት 3.8 ጀምሮ «ታይፒንግ» ሞጁል ውስጥ «ፋይናል» የሚባል ዲኮሬተር አለ፤ ክላሱ ላይ ስታስቀምጡት እንደ ማይፓይ ያሉ መርማሪዎች ወራሽ ሲያዩ ስህተት ይላሉ። ፓይተን ራሱ ግን አይከለክልም፤ ፕሮግራሙ ይሮጣል። በሩጫ ጊዜም እንዲከለከል ከፈለጋችሁ «ኢኒት ሰብክላስ» የተባለውን ልዩ ሜተድ፣ ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ አድርጋችሁ፣ ክላሱ ውስጥ ጻፉና «ታይፕ ኤረር» እንዲጥል አድርጉ። ሜተዱ የሚጠራው ወራሽ ሲፈጠር ብቻ ስለሆነ ክላሱን ራሱን አይነካም። የፓይተን «ቡል»ም መወረስን በሩጫ ጊዜ የሚከለክል ክላስ ነው።

ጃቫስክሪፕት ቃል የለውም፤ ኮንስትራክተሩ ውስጥ «ኒው ነጥብ ታርጌት»ን ከክላሱ ጋር አወዳድራችሁ ካልተመሳሰሉ ስህተት መጣል ትችላላችሁ። የሚይዘው ግን ኦብጀክት ሲፈጠር ነው፤ ሲወረስ አይደለም። በታይፕስክሪፕት ኮንስትራክተሩን «ፕራይቬት» ማድረግ ኮምፓይለሩ ላይ ይዘጋዋል። ጎ እና ረስት የክላስ ውርስ ከነጭራሹ የላቸውም።

ከዘጋችሁ በኋላ ምን ትሰጣላችሁ?

ክላሱን ዘግታችሁ ዝም ብትሉም በደመወዙ ምሳሌ የነበረው ቡድን የሚፈልገው ነገር አይጠፋም። ያ ቡድን ክፍያ መቁጠር ነበረበት፤ ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ መዝጊያውንና መተኪያውን አብራችሁ አቅርቡ።

መተኪያው ይህን ይመስላል። ሁለቱን ሜተዶች የያዘ ኢንተርፌስ ጻፉ፤ «ከፋይ» በሉት። ዝግ የሆነው «ደመወዝ ከፋይ» ያን ኢንተርፌስ ይፈጽማል። ቆጣሪ የሚፈልገው ቡድን «ቆጣሪ ከፋይ» የሚል የራሱን ክላስ ይጽፋል፤ እሱም ኢንተርፌሱን ይፈጽማል፣ ግን ምንም አይወርስም፤ አንድ «ከፋይ» በፕራይቬት መስክ ይይዛል። «ክፈል» ሲጠራ 1 ደምሮ ለያዘው ከፋይ ያስተላልፋል፤ «ለሁሉም ክፈል» ሲጠራ የዝርዝሩን ብዛት ደምሮ ያስተላልፋል።

አሁን 40 ሰው ሲከፈል ቆጣሪው 40 ይላል። የውስጡ ከፋይ «ክፈል»ን 40 ጊዜ ራሱ ላይ ቢጠራም ጥሪው ወደ ቆጣሪው አይመለስም፤ ስለ ቆጣሪው አያውቅምና። ጸሐፊው ነገ ወደ ጥቅል መላኪያ ቢቀይረውም ቆጣሪው 40 ማለቱን ይቀጥላል። ሜተዶቹ ሁለት ሳይሆኑ ሃያ ቢሆኑ ማስተላለፊያ መጻፉ ያሰለቻል፤ ኮትሊን «ባይ» በሚለው ቃል ይህን ራሱ ይሠራላችኋል፣ በጃቫ የልማት መሣሪያችሁ ሊያመነጨው ይችላል።

ፍሬምወርክና ፈተና

ዘግታችሁ ስትጨርሱ ፕሮግራሙ ሲነሳ ስህተት ቢያሳያችሁ አትደንግጡ። ሂበርኔት መረጃን በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ ለመጫን የእናንተን ክላስ በሩጫ ጊዜ ይወርሳል፤ የጄፒኤ ደንብም የኢንቲቲ ክላስ «ፋይናል» እንዳይሆን ይጠይቃል። ስፕሪንግም የ«ኮንፊገሬሽን» ክላሶችን፣ እንዲሁም ትራንዛክሽን የተደረገባቸውንና ኢንተርፌስ የሌላቸውን አገልግሎቶች በተመሳሳይ መንገድ ያጠቃልላል። እነዚህን ክፍት ተዉአቸው። ኮትሊን ላይ ሁሉንም በእጅ መክፈት እንዳያስፈልግ ለስፕሪንግ የተዘጋጀ የኮምፓይለር ፕለጊን አለ።

«ከተዘጋ ሞክ ማድረግ አይቻልም» የሚለው ክርክር ዛሬ አይሠራም። ሞኪቶ ከ2023ቱ ሥሪት 5 ጀምሮ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ዝግ ክላሶችንም ይተካል። እንደዚያም ሆኖ፣ ከላይ ያለውን ኢንተርፌስ ከጻፋችሁ ፈተናው ላይ ክላሱን መንካት አያስፈልጋችሁም፤ ኢንተርፌሱን የሚፈጽም ትንሽ የፈተና ክላስ ይበቃል።

ቀድሞ ክፍት የነበረውን መዝጋት

ኮዱ በሙሉ በእጃችሁ ካለ ቀላል ነው፦ «ፋይናል» ጨምሩና ኮምፓይል አድርጉ፤ ወራሽ ካለ ኮምፓይለሩ ይነግራችኋል። ካለም አንዱን ከመውረስ ወላጁን በመስክ ወደ መያዝ ቀይሩት፣ ሌላውን ቀጥሉ። በአንድ ቀን ሁሉን አትቀይሩ፤ በየሳምንቱ በምትነኩት ፋይል ላይ ያሉትን ዝጉ።

ላይብረሪ አውጥታችሁ ሌሎች የሚጠቀሙበት ከሆነ ግን «ፋይናል» መጨመር ኮምፓይል የተደረገውን የእነሱን ፕሮግራም ሲጫን ይሰብረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ኢንተርፌሱንና ስታቲክ መፍጠሪያውን ጨምራችሁ አውጡ፤ በዚያው ሥሪት ለውርስ የተጋለጠውን ኮንስትራክተር «ዴፕሪኬትድ» በሉት፣ ሰነዱም ላይ በየትኛው ሥሪት እንደሚዘጋ ጻፉ። መዝጊያውን ለቀጣዩ ዋና ሥሪት አቆዩት።

ከዚያ በኋላ «እባካችሁ ክፈቱልን» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ወዲያው እምቢ አትበሉ፤ ምን መሥራት እንደፈለጉ ጠይቁ። መቁጠር፣ መመዝገብ ወይም ማጣራት ከሆነ ኢንተርፌሱን አሳዩአቸው። አንድ ቁጥር ወይም ደንብ መቀየር ከሆነ በኮንስትራክተሩ የሚገባ ፓራሜትር ጨምሩላቸው። በእርግጥም የክላሱን አሠራር ከውስጥ መለየት ካስፈለጋቸው ክላሱን ክፈቱና ያቺን አንድ ሜተድ ብቻ ተዉላቸው፤ ሌሎቹን «ፋይናል» አድርጓቸው። ሰነዱ ላይም ሜተዷን ማን እንደሚጠራት፣ መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደምትጠራ ጻፉ። ከማውጣታችሁ በፊት ክላሱን ካልጻፉት ባልደረቦቻችሁ አንዱ፣ ሰነዱን ብቻ አንብቦ፣ ኮዱን ሳያይ አንድ ወራሽ ይጻፍላችሁ።